ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና ስም ያልወጣለት ሕመም

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ የኮሶዬን ደጋ ሲያልፍ፣ ከአፋፉ በታች ቆላው፣ ከቆላው ባሻገር የስሜን ተራሮች ይታያሉ። በዚህ አገር ለሆድ ኮሶ የኮሶ ዛፍ አበባ፣ ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም ደግሞ ጠበል የታወቁ መድኃኒቶች ነበሩ። የመንገዱ መነሻ የሆነችው ጎንደር የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የትውልድ ከተማ ስትሆን፣ መድረሻው ስሜን የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የአባት ወገን አገር ነው። የእኒህን ሁለት የሰሜን ሰዎች ታሪክ በአዲስ አበባ ያገናኘው የዳግማዊ አጼ ምኒልክ የሕመም አልጋ ነበር።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1850ዎቹ ዓ.ም. ነው። አጼ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲወድቁ፣ ከወላጆቹ የተለየውን ሕፃን የእንግሊዝ መኰንኖች አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱት። አሳዳጊው ኮሎኔል ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆዩ ስለ ሞቱ፣ የትምህርቱን ወጪ የቻሉት ኮሎኔል ማርቲን ነበሩ። ቻርልስ ማርቲን የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ወጣቱ በላሆር የሕክምና ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1882 ፈጽሞ፣ በስኮትላንድ ተጨማሪ ማዕረግ አግኝቶ፣ በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገለ። የዐድዋ ድል ወሬ በደረሰው ጊዜ ግን ልቡ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሴት አያቱ በሰውነቱ ላይ በነበረው ጠባሳ የጠፋው የልጅ ልጃቸው መሆኑን ለዩ።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ከቆዩ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ዳግመኛ ሲመጡ የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ታውኮ ነበር። ሕመሙ ከ1898 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እየሄደ የሚመለስ፣ አንዳንዴ አካልን የሚያደክም፣ አንዳንዴ ፋታ የሚሰጥ ሆኖ ቆየ። ፋታው ተስፋን፣ ተመልሶ መምጣቱ ደግሞ ጥርጣሬን ይወልድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በአንድ በኩል የሐኪሞችን ምክር እየሰሙ፣ በሌላ በኩል በደብረ ሊባኖስ ጸሎትና ጠበል ፈውስ ይሹ ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ሐኪም ስለ አንጎል ሊያውቅ የሚችለው ጥቂት አልነበረም። ፈረንሳዊው ባቢንስኪ፣ ዐድዋ በተደረገበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ውስጥ እግር ሲፋቅ አውራ ጣት ወደ ላይ የሚቀሰር ከሆነ ጉዳቱ ከአንጎል ወይም ከኅብለ ሰረሰር በሚወርደው የነርቭ መንገድ ላይ መሆኑን አስታውቆ ነበር። በክንድ ላይ የሚጠመጠመው የደም ግፊት መለኪያም የተሠራው በዚሁ ዓመት ነው። እንግዲህ ጉዳቱ የት እንዳለ መገመት ይቻል ነበር። ምን እንደሆነ፣ የደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ደም ፈስሶ፣ ወይስ ሌላ ነገር፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ በእርግጠኝነት የሚያሳይ መሣሪያ ግን አልነበረም።

ይህን ባዶ ቦታ ግምትና ወሬ ሞሉት። የአውሮፓ መንግሥታት ሐኪሞች እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ አልነበሩም፤ የንጉሡን የልብ ትርታ የሚያዳምጥ የአገሩን ጥቅም የሚያዳምጥ ይመስል ነበርና። በ1901 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል ብሎ መናገሩ በቤተ መንግሥቱ ታላቅ ሁከት አስነሣ። ጥርጣሬውም ወደ እቴጌይቱ ወገን ያመለክት ነበር። ክሱ ሳይጸና ቢቀርም፣ ስም የሌለው ሕመም ከሥቃዩ ሌላ በዳይ ፍለጋን የሚያስከትል መሆኑን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ምኒልክ የሕመማቸውን ስም እስኪያውቁ ድረስ ሥራቸውን አላቆዩም። በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ለወራሽነት መረጡ፤ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። የሚኒስትሮቹ ሹመት የሕመሙ ብቻ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት፣ ምሰሶው መሰንጠቁ ከታወቀ ዘንድ፣ የስንጥቁ መነሻ እስኪመረመር ድረስ ድጋፍ ሊደረግለት እንደሚገባ የተረዱ ይመስላል።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰው ብርቱ ሕመም አካላቸውን ሽባ አድርጎ አንደበታቸውን ዘጋ። አስቀድሞ የተደረገው ድጋፍም ከነጉድለቱ ተፈተነ። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በአልጋ ላይ ቆዩ። ዕረፍታቸውም ከሕዝብ ተሰወረ። ዛሬ ያለው እውቀት የሕመሙን አካሄድ ሲያይ፣ ተደጋጋሚ የአንጎል የደም ሥር አደጋ፣ በተለምዶ ስትሮክ የሚባለው፣ መሆኑን ይገምታል።

ሐኪም ወርቅነህ በ1913 እ.ኤ.አ. ወደ በርማ ሄደው፣ ጡረታ ሲወጡ በ1911 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ከሕክምና አልፎ ሰፋ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 በጣና ሐይቅ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከጄ.ጂ. ዋይት የኢንጂነሪንግ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ፤ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በፋሺስት ወረራ ዘመንም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ሁለት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። አባትዮው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

በምኒልክ አልጋ አጠገብ የጎደለውን መሣሪያ በኋላ የሠራው የሕክምና ሰው አልነበረም፤ መሐንዲስ ነበር። እንግሊዛዊው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው የራጅ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 የአንድን ሕመምተኛ አንጎል ቆዳና አጥንት ሳይከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየ። ሲቲ ስካን የተባለው ይኸው መሣሪያ የፈሰሰን ደም ከተዘጋ የደም ሥር ይለያል። ሆኖም መሣሪያ በተገኘበት ዘመንም ቢሆን፣ እጁ የሚደነዝዝ፣ ዓይኑ የሚጋረድ፣ እግሩ የሚከዳው ሰው የሕመሙን ስም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የቤተ መንግሥቱ ታሪክ የሚያስተምረው ግልጽ ነው፤ የታወቀውን ካልታወቀው ለይቶ መያዝ፣ ባዶውን ቦታ በወሬ አለመሙላት፣ ቤትንና ሥራን ግን መልሱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ማደላደል።