የመንደርን ሕይወት ለዓለም መድረክ ያበቁት ሳትያጂት ሬይ

በየዓመቱ የታላላቅ የፊልም ሽልማቶች ወቅት በደረሰ ቁጥር የፊልም አፍቃሪዎች ክርክር ይደምቃል። የትኛው ፊልም ሽልማቱ ይገባዋል? የትኛውስ ተረስቶ ቀረ? የሚሉ ጥያቄዎች በየሻይ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ይነሳሉ። ከእነዚህ ክርክሮች መካከል ከመዝናኛ ያለፈ ቁም ነገር ያዘለ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ጭቃ ቤት ውስጥ የሚኖር የድሃ የገጠር ቤተሰብ ታሪክ በዓለም ፊት ለክብር ሊቀርብ ይገባዋልን? ወይስ የድህነት ገመናን ወደ አደባባይ ማውጣት ነው? ይህ ጥያቄ አንድን ሰው ከመጀመሪያ ሥራቸው እስከ ሕልፈታቸው ድረስ ተከትሏቸዋል። እኒህ ሰው ሕንዳዊው የፊልም ዳይሬክተር ሳትያጂት ሬይ ናቸው።

ሳትያጂት ሬይ እ.ኤ.አ ግንቦት 2 ቀን 1921 በቤንጋል ግዛት፣ በካልካታ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ኡፔንድራኪሾር ደራሲ፣ ሠዓሊና የሕትመት ባለሙያ ሲሆኑ፣ ሳንዴሽ የተባለውን የልጆች መጽሔት የመሠረቱ ሰው ናቸው። አባታቸው ሱኩማር ሬይም በቤንጋልኛ ለልጆች በጻፏቸው አስቂኝ ግጥሞች እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። ይሁን እንጂ አባት የሞቱት ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቤተሰቡ ማተሚያ ቤት ከሰረ፤ መኖሪያ ቤቱም ከእጃቸው ወጣ። እናት ሱፕራባ ብቸኛ ልጃቸውን ይዘው ወደ ወንድማቸው ቤት ገቡ፤ የእጅ ሥራ በማስተማር በሚያገኙት ገቢም ልጃቸውን አሳደጉ።

ወጣቱ ሬይ በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ካጠናቀቁ በኋላ በእናታቸው ግፊት ሥዕል ለመማር እ.ኤ.አ በ1940 ወደ ሳንቲኒኬታን ሄዱ። ይህ በገጠር የሚገኝ የትምህርት ተቋም የኖቤል ተሸላሚው ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር የመሠረቱት ነው። በከተማ ተወልደው ያደጉት ሬይ የገጠርን ኑሮ በቅርበት ያዩት በዚያ ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በዙሪያው ባሉ መንደሮች እየተዘዋወሩ ሰዉን፣ ከብቱንና ዛፉን በእርሳስ ይሥሉ ነበር።

ትምህርቱን ሳይጨርሱ ወደ ካልካታ ተመልሰው እ.ኤ.አ በ1943 በአንድ የእንግሊዝ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በወር 80 ሩፒ ደመወዝ በሠዓሊነት ተቀጠሩ። ጎን ለጎንም የመጻሕፍት ሽፋን ይሥሉ ነበር። ከእጃቸው ከገቡት ሥራዎች አንዱ የደራሲ ቢቡቲቡሻን ባንዲዮፓድያይ ልብ ወለድ የሆነው ፓተር ፓንቻሊ ለልጆች አጥሮ የተዘጋጀው እትም ነበር። ርዕሱ የመንገዱ ዜማ እንደማለት ነው። ሥዕሎቹን ሲሥሉ ታሪኩ ለፊልም እንደሚሆን ታያቸው።

ሬይ ፊልም ሠሪ ከመሆናቸው በፊት ፊልም አፍቃሪ ነበሩ። ሕንድ ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ በ1947፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የካልካታ የፊልም ማኅበርን መሠረቱ። አባላቱ ከውጭ የመጡ ፊልሞችን እየተሰበሰቡ ያያሉ፤ ከዚያም የትኛው ጥሩ እንደሆነና ለምን ጥሩ እንደሆነ ይከራከራሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ዣን ሬኑዋር ለፊልማቸው ቦታ ለመምረጥ ወደ ቤንጋል ሲመጡ፣ ሬይ በዙሪያው ባሉ መንደሮች እየመሩ አሳዩዋቸው፤ ሊሠሩት ያሰቡትንም ነገሯቸው። ሬኑዋርም አበረታቷቸው።

እ.ኤ.አ በ1950 የማስታወቂያ ድርጅቱ ለሥራ ወደ ለንደን ላካቸው። በቆዩባቸው ወራት መቶ የሚጠጉ ፊልሞችን ተመለከቱ። ከሁሉም ልባቸውን የነካው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ የብስክሌት ሌቦች ነበር። ፊልሙ የእንጀራው መሣሪያ የሆነች ብስክሌቱን የተሰረቀ የሮም ድሃ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን በሙያው የሌሉበት ተራ ሰዎች ሲሆኑ፣ የተቀረጸውም በእውነተኛ ጎዳና ላይ ነው። ሬይ በመርከብ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የራሳቸውን ፊልም ንድፍ መጻፍ ጀመሩ።

ካልካታ ሲደርሱ ግን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አላገኙም። ዘፈንና ጭፈራ የሌለበትን፣ ታዋቂ ተዋናይ የማይታይበትን፣ በዝናብና በጭቃ መካከል የሚቀረጽን ፊልም ባለሀብቶቹ ለኪሳራ የታጨ አድርገው ቆጠሩት። ሬይም ያላቸውን ይዘው ተነሱ። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም ነበር። ዳይሬክተሩም ቢሆኑ አንድም ፊልም አልሠሩም። ደመወዝተኛ በመሆናቸው ቀረጻው የሚካሄደው በዕረፍት ቀናት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ቀረጻ እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 1952 ተካሄደ። ቦታው ካሽ የሚባል ነጭ አበባ ያለው ረጅም ሣር የሸፈነው ሜዳ ነበር። የአንድ ቀን ሥራ ሠርተው ሄዱ። በሳምንቱ ቀሪውን ሊቀርጹ ሲመለሱ ሜዳው ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ከብቶች ገብተው አበባውን ግጠው ጨርሰውት ነበር። ማሳውን ያለ ጠባቂ ትቶ የሄደ አርሶ አደር የሚደርስበት ነገር በፊልም ሠሪዎቹ ላይ ደረሰ። ሣሩ እንደገና አብቦ ትዕይንቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ ቀጣዩን የአበባ ወቅት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ገንዘቡም አለቀ። ሬይ የሕይወት ዋስትናቸውን አስይዘው ተበደሩ፤ የሰበሰቧቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች ሸጡ፤ ባለቤታቸው ቢጆያም ጌጣጌጣቸውን በመያዣነት ሰጡ። ቀረጻው ለወራት ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ ሦስት ነገሮች ያሰጓቸው ነበር፤ የትንሹ ልጅ ድምፅ እንዳይጎረንን፣ እህቱን ሆና የምትሠራው ልጅ ቁመቷ እንዳይለወጥ፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆናቸው አሮጊቷ ተዋናይት ቹኒባላ ዴቪ ሥራው ሳያልቅ እንዳይሞቱ። ሦስቱም አልደረሱም።

በመጨረሻ የደረሰላቸው የምዕራብ ቤንጋል ክልላዊ መንግሥት ነበር። የፊልሙ ርዕስ ስለ መንገድ የሚናገር በመሆኑ ገንዘቡ ከመንገድ ልማት በጀት ወጪ ሆኖ ተመዘገበ። ፊልሙ ግን ስለ መንገድ ሥራ አልነበረም። ታሪኩ በቤንጋል መንደር ስለሚኖሩ አንድ ድሃ ቄስ፣ ስለ ሚስቱ ሳርባጃያ፣ ስለ ልጆቻቸው ዱርጋና አፑ እንዲሁም ስለ አንዲት አሮጊት ዘመድ ነው። አባት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፤ እናት በባዶ ጓዳ ልጆቿን ለማብላት ትታገላለች፤ ልጆቹ በሣሩ መካከል ሮጠው ባቡር ሲያልፍ ያያሉ። ዱርጋ በክረምቱ ዝናብ ተመትታ በትኩሳት ትሞታለች። በመጨረሻም ቤተሰቡ ጓዙን በጋሪ ጭኖ መንደሩን ለቆ ይሄዳል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ በነሐሴ ወር 1955 በካልካታ ታየ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተመልካች ቢያጣም ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዛመት አዳራሹ ሞላ። የሕንድ መንግሥትም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ብሎ ሸለመው። በቀጣዩ ዓመት በፈረንሳይ የካን ፌስቲቫል ሲቀርብ ግን የሚታይበት ሰዓት ከሌላ ግብዣ ጋር ተጋጭቶ ጥቂት ሰው ብቻ ተገኘ። ያዩት ሐያሲያን ፊልሙ በዝምታ መታለፍ የለበትም ብለው ተሟገቱ፤ እንደገና እንዲታይም አስደረጉ። ፊልሙም ምርጥ ሰብዓዊ ሰነድ የሚል ልዩ ሽልማት አገኘ።

ሁሉም ግን አልተቀበሉትም። በእጃቸው የሚበሉ ገበሬዎችን ማየት አልፈልግም ብሎ አንድ ፈረንሳዊ ሐያሲ ከአዳራሹ እንደወጣ ይነገራል። በኒው ዮርክም አንድ ስመ ጥር ሐያሲ ፊልሙ ልል ነው ብለው ነቀፉት። ተመልካቹ ግን በዚያች ከተማ በአንድ ሲኒማ ቤት ለስምንት ወር ያህል እየተመላለሰ አየው።

ሬይ የአፑን ታሪክ ቀጠሉ። ሁለተኛው ክፍል አፓራጂቶ በአገር ቤት ገበያ አላገኘም። ይሁንና እ.ኤ.አ በ1957 በቬኒስ ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳን፣ ተቀዳጀ። ሦስተኛው ክፍል አፑር ሳንሳር እ.ኤ.አ በ1959 ታየ። በ1964 እና በ1965ም በበርሊን ፌስቲቫል ለምርጥ ዳይሬክተር የሚሰጠውን የብር ድብ በተከታታይ ወሰዱ።

ሽልማቱ በበዛ ቁጥር ክርክሩም አብሮ አደገ። ከሁሉ የከረረው ወቀሳ የመጣው እ.ኤ.አ በ1980 ከዝነኛዋ ተዋናይት ከናርጊስ ነበር። በሕንድ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት አባል የነበሩት ናርጊስ፣ ሬይ የአገሪቱን ድህነት ወደ ውጭ እየላኩ የሚሸለሙ ናቸው ሲሉ ከሰሷቸው፤ መታየት ያለባት ግድብና ፋብሪካ የምትገነባው አዲሲቱ ሕንድ መሆኗንም ገለጹ። ናርጊስ ራሳቸው እናት ሕንድ በተባለው ፊልም ላይ በአራጣ አበዳሪ የምትማቅቅ ገበሬ እናት ሆነው የተወኑ ናቸው። ያ ፊልም ለኦስካር ከታጩት የሕንድ ፊልሞች የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ገጠሩ ይታይ ወይስ አይታይ የሚል ብቻ አልነበረም። ልዩነቱ ገበሬው በዘፈንና በጀግንነት ደምቆ ይታይ ወይስ እንደሚውለው ውሎ ይታይ የሚል ነበር።

የአገሩ ስም በድህነት ብቻ ሲነሳ የሚከፋው ሰው የናርጊስ ስጋት ይገባዋል። የሬይ ደጋፊዎች ግን ሌላ ነገር ያያሉ። በሬይ ፊልሞች ውስጥ ድሃው ለምጽዋት የቀረበ አይደለም። ይስቃል፣ ይጣላል፣ ይመኛል፣ በልጁ ይኮራል። እኒሁ ዳይሬክተር ስለከሰሩ ባላባቶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጥተው ስለሚሠሩ የከተማ ሴቶችና ሥራ ስላጡ ምሩቃንም ፊልም ሠርተዋል።

ክርክሩን በተለይ የሚያከብደው አሻኒ ሳንኬት የተባለው ፊልማቸው ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ በ1943 በቤንጋል ደርሶ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ስለጨረሰው ረሃብ ይተርካል። ሬይ ፊልሙን በቀለም በመሥራታቸው ረሃብን አስውበውታል ተብለው ተተቹ። የሳቸው ምላሽ ምድሪቱ ያን ጊዜም አረንጓዴ ነበረች የሚል ነበር። ፊልሙ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ጦርነቱ የሩዝ ዋጋን አናረው፤ ነጋዴው እህሉን ደበቀ፤ ሰው በለመለመ መስክ መካከል ተራበ። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1973 በበርሊን የወርቅ ድብ ተሸለመ። በዚያው ዓመት በእኛም አገር የወሎና የትግራይ ሕዝብ በረሃብ እየረገፈ፣ የሆነው ከዓለም ተሸሽጎ ነበር። የረሃብን ገመና መሸፈን ለአገር ክብር ነው ለሚል ክርክር ከዚህ የበለጠ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

የኦስካር ነገር ግን ለሬይ ወዳጆች የማይሽር ቅሬታ ሆኖ ቆየ። በባዕድ ቋንቋ ለተሠሩ ፊልሞች በሚሰጠው ሽልማት እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ያቀርባል፤ ከቀረቡት መካከልም አምስቱ ይታጫሉ። ሕንድ የሬይን ፊልሞች በተለያዩ ዓመታት ብትልክም አንዱም ለመጨረሻው ዕጩነት አልበቃም። ሬይ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ፊልሞቻቸውን ይጽፋሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ የሙዚቃ ድርሰቱንም ራሳቸው ይሠራሉ። የአያታቸውን መጽሔት ሳንዴሽን እንደገና አስጀምረው ለልጆች ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ በ1983 የልብ ሕመም ካደረሰባቸው በኋላም በልጃቸው በሳንዲፕ እየታገዙ ቀጠሉ።

እ.ኤ.አ በ1992 የኦስካር ሸላሚዎች ለሕይወት ዘመን ሥራቸው የክብር ሽልማት ወሰኑላቸው። በመጋቢት ወር መጨረሻ ሥነ ሥርዓቱ ሲካሄድ ሬይ በካልካታ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐውልቱን እንደያዙ ከአልጋቸው ላይ የተቀረጸው ንግግራቸው በአዳራሹ ታየ። በንግግራቸውም ተማሪ ሳሉ ለአንዲት የሆሊዉድ ተዋናይት ደብዳቤ ጽፈው መልስ እንዳገኙ፣ ለሌሎች ጽፈው ግን ምላሽ እንዳጡ በፈገግታ አወጉ። የአገራቸው ከፍተኛው ኒሻን ባራት ራትናም በዚያው ዓመት ተሰጣቸው። ሚያዝያ 23 ቀን 1992 በ70 ዓመታቸው አረፉ።

በቀጣዩ ዓመት በለንደን የፊልም ላቦራቶሪ ላይ በደረሰ ቃጠሎ የፓተር ፓንቻሊና የሌሎች ሥራዎቻቸው ዋና ቅጂ ተጎዳ። የተረፈው ቁራጭ ከሃያ ዓመት በኋላ በባለሙያዎች እጅ በጥንቃቄ ታክሞ፣ የጎደለው ከሌሎች ቅጂዎች ተሞልቶ፣ እ.ኤ.አ በ2015 ፊልሙ እንደገና ለሕዝብ ታየ። በ1956 በካን ከፍተኛውን ሽልማት የወሰደው ሌላ ፊልም ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። ከብት የጋጠውን ሜዳ ዳግም እስኪያብብ ጠብቀው የቀረጹት የሁለቱ ሕፃናት ሩጫ ግን እስከ ዛሬ ይታያል፤ ክርክሩም አብሮት ቀጥሏል።