ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ

ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ (የዙፋን ስማቸው ቆስጠንጢኖስ) ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። አባታቸው ዓፄ ዳዊት፣ እናታቸው ንግሥት እግዚእ ክብራ ሲሆኑ የተወለዱት በፈጠጋር ነው። ወደ ዙፋን የመጡት በግሸን አምባ ታስረው ከቆዩ በኋላ ነው።

በ1438 ዓ.ም. የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ። በድላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ተወላጅ ሲሆን፣ የዚህ ቤት መነሻ ዛሬ ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ የሚገኙበት ይፋት ነበር። በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ዘልቆ የቀረው ግን ከድሉ ይልቅ ስለ ሥራና ዕረፍት ቀን የወሰኑት ነው።

ጉዳዩ የቆየ ነበር። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ሥራ የማይሠራባት ሰንበት ናት በማለታቸው ከጳጳሳቱ ጋር ተጣልተው ለረጅም ዘመን ተገልለው ኖረዋል። ዓፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ቢፈቅዱም ፈቃዱ ለእነርሱ ብቻ ነበር። ዘርዓ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. ተጉለት ውስጥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው፣ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት፣ ሁለቱም ቀናት በመላው አገሪቱ እንዲከበሩ አስወሰኑ።

ለቅዳሜ ክብር ከሚጠቀሱት መጻሕፍት አንዱ ሲኖዶስ ነው። በውስጡ አገልጋዮች አምስት ቀን ሠርተው ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ፣ በሰሙነ ሕማማትና ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንትም እንዲያርፉ የሚያዝ ቀኖና አለ። ስለዚህ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ባሪያም ቢሆን፣ በሕጉ ፊት፣ ጌታው የማያዝበት ቀን ነበረው። በቀን ይህን ያህል ሰዓት ይሥራ የሚል ወሰን ግን አልነበረም፤ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንና የ48 ሰዓት ሳምንት ወደ ኢትዮጵያ ሕግ የገቡት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው።

ንጉሡ በዚህ አልበቃቸውም። 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ፣ ካህናትም በሰንበት ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ መጽሐፈ ብርሃን በተባለው ድርሰታቸውም ስለ ሰንበታት በሰፊው ጻፉ። ትእዛዛቸው ግን ፍርሃት ያጀበው ነበር። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች በጽኑ ተሰቃዩ፤ በጣዖት አምልኮ የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ በቅጣት ሞተዋል።

የመጨረሻ ዓመታታቸውን ከይፋት ቆላ በላይ ባለው ደጋ፣ ራሳቸው በቆረቆሯት በደብረ ብርሃን አሳልፈው በ1460 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ልጃቸው ዓፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ የታሰሩትን ብዙዎቹን ፈቱ፤ የሁለቱ ሰንበታት ሕግ ግን እንደጸና ቀረ።