ታካሺ ሺሙራ፦ ከውኃ አገልግሎት ሠራተኛነት እስከ ዓለም አቀፍ ዝና

ጃፓናዊው አንጋፋ የፊልም ተዋናይ ታካሺ ሺሙራ በአብዛኛው የጥበብ ሕይወታቸው ከመሪ ተዋንያን ጎን ቆመው የታሪኩን ክብደት የሚሸከሙ ገጸ ባሕርያትን በመጫወት ይታወቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚታወሱት ግን የአንድን ተራ የመንግሥት ሠራተኛ ሕይወት ባሳዩበት ፊልም ነው።

ሺሙራ እ.ኤ.አ ማርች 12 ቀን 1905 በሂዮጎ ክፍለ ሀገር ኢኩኖ በተባለች ከተማ ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከሳሙራይ ጦረኞች የሚመዘዝ ነው። አባታቸው በጡረታ ተገልለው የቤተሰቡ ገቢ ሲቀንስ፣ ቀን በኦሳካ ከተማ የውኃ አገልግሎት እየሠሩ ማታ በካንሳይ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሩ። ይሁን እንጂ የቴአትር ፍቅር ስላደረባቸው ከሥራ ገበታቸው ደጋግመው መቅረታቸው እንጀራቸውን አሳጣቸው። ትምህርታቸውንም ትተው ወደ መድረክ ገቡ፤ እ.ኤ.አ በ1934 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ታዩ።

እ.ኤ.አ በ1943 "ሳንሺሮ ሱጋታ" በተሰኘው ፊልም ከዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ጋር የጀመሩት የሥራ ግንኙነት ዕድሜ ልካቸውን የዘለቀ ሆኗል። ኩሮሳዋ ካዘጋጇቸው 30 ፊልሞች ውስጥ በ21ዱ ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ በ1948 በቀረበው "የሰከረው መልአክ" መጠጥ ያሸነፈውን፣ ለበሽተኞቹ ግን የሚቆረቆረውን ሐኪም ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ በ1950 በ"ራሾሞን" እንጨት ቆራጩን ሆነው ቀርበዋል። ይህ ፊልም በተከታዩ ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ ሽልማትን በማግኘት የጃፓንን ሲኒማ ለዓለም አስተዋውቋል።

እ.ኤ.አ በ1952 በቀረበው "ኢኪሩ" ግን ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወቱት እርሳቸው ናቸው። የፊልሙ ስም "መኖር" ማለት ነው። ዋታናቤ የተባለው የማዘጋጃ ቤት የክፍል ኃላፊ ለ30 ዓመታት ያህል ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሮ፣ በጨጓራ ካንሰር መያዙንና የቀረው ዕድሜ ጥቂት ወራት ብቻ መሆኑን ይረዳል። በሠፈራቸው ያለው የቆሻሻ ውኃ ተደፍኖ ለልጆቻቸው መጫወቻ ስፍራ እንዲሠራ ከቢሮ ቢሮ ደጅ ሲጠኑ የነበሩትን እናቶች ጥያቄም ከግብ ያደርሳል። በመጨረሻ በበረዶ ውስጥ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ እያዜመ የሚታይበት ትዕይንት በፊልም ታሪክ ከማይዘነጉት አንዱ ነው። በወጣትነታቸው የከተማ አገልግሎት ሠራተኛ የነበሩት ሺሙራ የጽሕፈት ቤትን ኑሮ ከውስጥ ያውቁት ነበር።

እ.ኤ.አ 1954 በሁለት ታላላቅ ፊልሞች የታዩበት ዓመት ነው። በ"ሰባቱ ሳሙራይ" ገበሬዎችን ከሽፍቶች ለመታደግ ጦረኞችን የሚያሰባስበውን አስተዋይ መሪ ካምቤይን ሆነው ሠሩ። በ"ጎድዚላ" ደግሞ አውሬው ከመገደል ይልቅ እንዲጠና የሚሹትን ሳይንቲስት ዶክተር ያማኔን ተጫወቱ።

ሺሙራ እ.ኤ.አ በ1980 በቀረበው የኩሮሳዋ ፊልም "ካገሙሻ" በ75 ዓመታቸው ከተሳተፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1982 በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። "ኢኪሩ" እ.ኤ.አ በ2022 በእንግሊዝ "መኖር" በሚል ርእስ እንደገና ተሠርቷል። ሥልጣኑ አነስተኛ የሆነ ሠራተኛም ለአንድ ባለጉዳይ ቁም ነገር መሥራት እንደሚችል በሺሙራ ፊት ላይ የተነበበው መልእክት ከ70 ዓመታት በኋላም ተመልካች አላጣም።