ዕውቀትን በጋሪ ጭነው ወደ ገበሬው የሄዱት መምህር፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር

የግብርና ባለሙያ ከቢሮው ወጥቶ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ መሄድ እንዳለበት ዛሬ የማይናገር የለም። ከአንድ መቶ ሃያ ዓመታት በፊት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ዕውቀት በኮሌጅ ግቢ ተከማችቶ ይቀመጣል፤ ድህነት ደግሞ በገጠር ይከማቻል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ እምብዛም አልነበረም። ያንን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ በባርነት የተወለዱት አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪና መምህር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ናቸው። እኒህ ሰው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት 47 ዓመታት አገልግለው፣ ከዚያው ሳይለዩ አረፉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርቨር የተወለዱት በ1864 ገደማ፣ በሚዙሪ ግዛት ዳይመንድ በምትባል መንደር አቅራቢያ ነው። ባሪያ ሆኖ ለተወለደ ሕፃን የልደት ቀን የሚመዘግብለት ስላልነበረ፣ የተወለዱበት ቀን በትክክል አይታወቅም። እናታቸው ሜሪ የሞሰስ እና የሱዛን ካርቨር ንብረት ተደርጋ የምትቆጠር ሴት ነበረች። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ወንበዴዎች እናትና ልጅን ዘርፈው ወሰዱ። ሞሰስ ካርቨር ፈላጊ ቢልኩም የተገኘው ሕፃኑ ብቻ ሆነ፤ ለፈላጊውም አንድ የእሽቅድምድም ፈረስ እንደተሰጠው ይነገራል። እናት ግን በዚያው ቀረች።

ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ ሞሰስ እና ሱዛን ሕፃኑንና ታላቅ ወንድሙን ጄምስን እንደ ልጆቻቸው አሳደጉ። ካርቨር በልጅነታቸው ደካማና በሽተኛ ስለነበሩ ከከባድ የእርሻ ሥራ ይልቅ ከሱዛን ዘንድ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና መስፋት፣ የጓሮ አትክልት መንከባከብ ተማሩ። ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በጫካ ውስጥ ዕፅዋት በመሰብሰብ ነበር። የጠወለገ ተክል ያላቸው ጎረቤቶች ወደ እርሳቸው እያመጡ ያሳዩ ስለነበር የተክል ሐኪም የሚል ስም ወጣላቸው።

በአካባቢው ጥቁር ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ቤታቸውን ትተው ወደ ኒኦሾ ከተማ ሄዱ። በዚያም ማራያ ዋትኪንስ የተባሉ አዋላጅና ልብስ አጣቢ ተቀበሏቸው። ልጁ በትምህርት ሰዓት ይማራል፤ ከትምህርት በኋላ ልብስ በማጠብ ያግዛል። እኒህ ሴት ለካርቨር ከመጠለያ የሚበልጥ ነገር ሰጧቸው፤ የምትችለውን ሁሉ ተማር፣ የተማርከውን ግን ይዘህ ወደ ወገኖችህ ተመለስ የሚል ምክር። ካርቨር ይህን አደራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጠበቁት።

የትምህርት ጉዟቸው ረጅምና አቀበት የበዛበት ነበር። በካንሳስ የሚገኘው ሃይላንድ ኮሌጅ በደብዳቤ ተቀብሏቸው ሳለ፣ በአካል ሲቀርቡ ጥቁር መሆናቸውን አይቶ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ በምዕራብ ካንሳስ ደረቅ ሜዳ ላይ መሬት ይዘው አረሱ። በ1890 አዮዋ በሚገኘው ሲምፕሰን ኮሌጅ ገብተው ሥዕልና ፒያኖ መማር ጀመሩ፤ ለመኖሪያም የተማሪዎችን ልብስ እያጠቡ ይተኩሱ ነበር። የሥዕል መምህርታቸው ኤታ በድ ተማሪያቸው አበቦችን እንዴት አድርጎ እንደሚሥል አስተውለው፣ ወደ አዮዋ የግብርና ኮሌጅ ሄደው ስለ ዕፅዋት እንዲማሩ ገፋፏቸው። ካርቨር በ1891 የኮሌጁ የመጀመሪያ ጥቁር ተማሪ ሆኑ፤ በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1896 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በኮሌጁም ከተማሪነት አልፈው በመምህርነት አገለገሉ። በተክል በሽታዎች ጥናት ስማቸው እየገነነ፣ የተመቸ ቤተ ሙከራና የተረጋገጠ እንጀራ በእጃቸው ገብቶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ከአላባማ ጥሪ የደረሳቸው። እንደ እርሳቸው ሁሉ በባርነት የተወለዱት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1881 በተስኪጊ የጥቁሮችን ትምህርት ቤት መሥርተው ነበርና የእርሻ ክፍሉን የሚመራ ሰው ይፈልጉ ነበር። የቀረበላቸው ደመወዝ በዓመት 1,000 ዶላር ሲሆን፣ ሥራው ከባድ፣ አገሩም ጥቁር ሰው በነጻነት የማይንቀሳቀስበት ነበር። ካርቨር የማራያ ዋትኪንስን ምክር ሳይዘነጉ በ1896 መኸር ወደ ተስኪጊ ተጓዙ።

ሲደርሱ ያገኙት የምርምር ጣቢያ ሊባል የሚችል አልነበረም። ቤተ ሙከራ የለም፤ ዕቃ የለም። ከተማሪዎቻቸው ጋር ከየቆሻሻ መጣያው የተሰበረ ጠርሙስ፣ የተጣለ ድስትና ሽቦ ለቅመው የመጀመሪያውን ቤተ ሙከራ አደራጁ። ለሙከራ የተሰጣቸው መሬትም የተጎሳቆለና በጎርፍ የታጠበ ነበር።

የአካባቢው ገበሬ ኑሮ ከመሬቱም የባሰ ነበር። ከባርነት የወጣው አብዛኛው ሕዝብ መሬት ስላልነበረው በሰው መሬት ላይ እኩል አራሽ ሆኖ ይኖር ነበር። ዘር፣ ምግብና መሣሪያ ከነጋዴው በዱቤ ይወስዳል፤ መያዣው ገና ያልበቀለው ጥጥ ነው። ነጋዴው በመያዣነት የሚፈልገው ጥጥን ብቻ በመሆኑ ገበሬው እስከ ጎጆው ደጃፍ ድረስ ጥጥ ይዘራል። ጥጥ በየዓመቱ በአንድ መሬት ላይ ሲደጋገም ደግሞ አፈሩ ይሟጠጣል፤ ምርቱ ይቀንሳል፤ ዕዳው ይጨምራል። ከዕዳው የሚተርፍ ቢኖር ለገበያ ምግብ ይውላል። ስለሆነም አምራቹ ገበሬ ራሱ በምግብ እጥረት ይታመም ነበር።

ካርቨር የሰንሰለቱ መፈቻ አፈሩ ውስጥ እንዳለ ተረዱ። የጥራጥሬ ተክሎች በሥራቸው ላይ ትናንሽ እባጮች አሏቸው፤ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ። ከሰብሉ በኋላ ሥሩና ቅጠሉ ወደ አፈር ሲመለስ መሬቱ የተወሰደበትን ያህል ባይሆንም ጉልበት ያገኛል። የጎጃም ገበሬ በደከመ ማሳ ላይ ግብጦ የሚዘራው፣ የሸዋ ገበሬ ከባቄላ በኋላ ስንዴ የሚያስከትለው ይህንኑ በልምድ ስለሚያውቅ ነው። ካርቨርም ጥጥን ከአተርና ከለውዝ ጋር እያፈራረቁ መዝራትን አስተማሩ። ስኳር ድንችም በአነስተኛ መሬት ላይ ብዙ ምግብ ስለሚሰጥ እንዲስፋፋ መከሩ።

ሌላው ትልቅ መርሐቸው ገበሬው በሌለው ነገር እንዳይመከር ነበር። አንዲት በቅሎ ብቻ ላለው እኩል አራሽ ውድ ማሽን ወይም በፋብሪካ የተመረተ ማዳበሪያ ግዛ ማለት ምክር እንደማይሆን ያውቁ ነበር። ስለዚህ የጫካ ቅጠልና የረግረግ ብስባሽ ለማሳው፣ ሜዳ ላይ የሚወድቀው የኦክ ዛፍ ፍሬ ለአሳማው፣ የአካባቢው ባለቀለም ሸክላ አፈር ለቤቱ ግድግዳ እንዲውል አሳዩ። ከ1898 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው 44 ያህል አጫጭር መጽሔቶችን ያሳተሙ ሲሆን፣ በውስጣቸው ገበሬው ስለ አዘራሩ፣ መምህሩ ስለ ማስተማሪያው፣ እመቤቲቱ ስለ አበሳሰሉ የሚያገኙት ነገር ነበር። ስለ ለውዝ አመራረትና ስለ 105 የአዘገጃጀት ዓይነቶች የጻፉት የ1916ቱ መጽሔት ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ማንበብ ለማይችል ሰው የታተመ ወረቀት ምን ይጠቅመዋል? ካርቨር በየሳምንቱ መጨረሻ ጋሪ ይዘው ወደየመንደሩ በመውጣት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ከገበያ ዳር ቆመው ያስተምሩ ጀመር። በ1906 ይህ ሥራ መልክ ያዘ። ሞሪስ ጄሰፕ የተባሉ የኒው ዮርክ ባለሀብት ገንዘብ ሰጥተው፣ ካርቨር ንድፉን ያወጡለት ጋሪ ተሠራ። ማረሻ፣ ምርጥ ዘር፣ የወተት መናጫና ሌላም መሣሪያ ተጭኖበት ከመንደር መንደር መዞር ያዘ። ገበሬው ትምህርት ቤት መምጣት ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ወደ ገበሬው መጣ ማለት ነው። ጋሪውን ይዘው የሚዞሩት የተስኪጊው ምሩቅ ቶማስ ካምቤልም በዚያው ዓመት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር የእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። የአሜሪካ ምክር ቤት የኤክስቴንሽን አገልግሎትን በመላ አገሪቱ በሕግ ያቋቋመው ከስምንት ዓመታት በኋላ፣ በ1914 ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው መቅሠፍት የካርቨርን ምክር ክብደት አሳየ። ከሜክሲኮ ተነሥቶ በ1890ዎቹ ቴክሳስ የገባው የጥጥ ነቀዝ እየተስፋፋ አላባማ ደረሰ፤ የጥጥ እርሻውንም አወደመ። በጥጥ ብቻ የኖረው ገበሬ ወደ ለውዝና ወደ ሌሎች ሰብሎች ለመዞር ተገደደ። ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የአላባማ ከተማ ነዋሪዎች ወደ ለውዝ በመዞራቸው ኑሯቸው ስለተሻሻለ፣ በ1919 ለነቀዙ ራሱ ሐውልት አቆሙለት። በ1921 ደግሞ ካርቨር የለውዝ አምራቾችን ወክለው በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። የተሰጣቸው ጊዜ አሥር ደቂቃ ነበር፤ በቆዳ ቀለማቸው ላይ ያነጣጠረ ፌዝም ገጠማቸው። እርሳቸው ግን ሳይበሳጩ ከለውዝ የሠሯቸውን ነገሮች እያወጡ ማስረዳቱን ቀጠሉ። አድማጮቻቸው ደጋግመው ጊዜ ጨመሩላቸው፤ በጭብጨባም ሸኟቸው።

ስማቸው ሲገን አብሮ የተጋነነ ወሬም ተከተለ። ብዙ ሰዎች የለውዝ ቅቤን የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ከለውዝ 300 ያህል፣ ከስኳር ድንች ከ100 በላይ ነገሮችን ሠርተዋል ከሚባለው ውስጥም አብዛኛው የወጥ ቤት አዘገጃጀት ወይም ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነበር፤ ገበያ ላይ የዋለውም ጥቂት ነው። በሕይወታቸው ያገኙት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሦስት ብቻ ነበር። በአስተዳደር ሥራም የተዋጣላቸው አልነበሩም፤ በትምህርት ቤቱ የዶሮ እርባታ አያያዝ ምክንያት ከቡከር ዋሽንግተን ጋር ብዙ ተጋጭተዋል። የዘር መድልዎን ፊት ለፊት አልታገሉም ብለው የነቀፏቸውም አሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ግን የማይናቅ ነው፤ ለ47 ዓመታት ሳይሰለቹ የድሃውን ገበሬ ችግር የምርምራቸው መነሻ አደረጉ።

ኑሯቸው እንደ ትምህርታቸው ነበር። ትዳር አልያዙም። በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ኖሩ፤ በኮታቸው ላይ አበባ ሰክተው፣ ያረጀውን ልብሳቸውን እየጠገኑ ለበሱ። ከሞላ ጎደል ያልተነካውን ቁጠባቸውን፣ ወደ 60,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ በተስኪጊ ለወጣት ተመራማሪዎች ድርጅትና ለሙዚየም አወረሱ። ጥር 5 ቀን 1943 ካረፉ በኋላ ከቡከር ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። በዚያው ዓመት የተወለዱበት እርሻ ብሔራዊ መታሰቢያ ተደረገ፤ በአሜሪካ ለጥቁር ሰው የቆመ የመጀመሪያው ብሔራዊ መታሰቢያ እርሱ ነው።

የታመነ አገልግሎት ፍሬው አገልጋዩ ባላሰበው ማሳም ይበቅላል። ካርቨር በአዮዋ ተማሪ ሳሉ የአንድ መምህር ትንሽ ልጅ ይከተላቸው ነበር፤ በሜዳው እያዘዋወሩም ዕፅዋትን ያሳዩት ነበር። ያ ልጅ ሄንሪ ዋላስ ነው። አድጎ የድቅል በቆሎ ዘር ኩባንያ መሠረተ፤ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1940 ሜክሲኮን ጎብኝቶ የገበሬውን ችግር ካየ በኋላ ለሜክሲኮ የግብርና ምርምር እንዲጀመር ወተወተ፤ ምርምሩም ተጀመረ። ኖርማን ቦርሎግ አጭርና ምርታማ የስንዴ ዝርያዎችን ያወጡት በዚያ ምርምር ውስጥ ነው። እኒሁ ቦርሎግ ደግሞ በ1993 በሳሳካዋ ግሎባል 2000 አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ የሠርቶ ማሳያ ሥራ አስጀመሩ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ከሁለት ዓመት በኋላ ለነደፈው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚያ ልምድ ወሰደ። የልብስ አጣቢዋ የማራያ ዋትኪንስ ምክር፣ የሥዕል መምህርቷ ማስተዋልና የአንድ ተማሪ ትዕግሥት በብዙ እጅ አልፈው እስከ እኛ ማሳ ድረስ ደረሱ ማለት ነው።

ዛሬ በየቀበሌው የተመደቡ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። መንገዱ ሩቅ፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ከተማው ደግሞ ጠሪ ነው። የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት፣ የደጋው አፈር በአሲዳማነት በሚጎዳበት በዚህ ጊዜ አርሶ አደሩ የሚጠብቀው በእጁ ባለው ነገር የሚጀምር ምክርና በክረምትም በበጋም የማይጠፋ መካሪ ነው። ካርቨር የተሻለ ቤተ ሙከራ ነበራቸው፤ ትተውት ሄዱ። ወደ ተጎሳቆለው መሬት መጥተውም እስኪሞቱ ድረስ ቆዩ። የብዙ ሰዎችን ሕይወት የለወጠው ከሁሉ በላይ ይህ መቆየታቸው ነው።