ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምሥጢር

በሰሜን ሸዋ ደጋማ አገር፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ፣ እንዶድ ለብዙ ዘመን የታወቀው በሳሙናነቱ ነው። በዓል ሲቃረብ ነጠላውና ጋቢው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ልብሱም ይነጣል። ተክሉ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 3,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ስለሚበቅል ለደጋውና ለወይና ደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። ከዚሁ ደጋ በስተምሥራቅ ቁልቁል ሲወረድ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ በኩል ባለው ሞቃት ምድር፣ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ይገኛል። በላይኛው አገር የሚበቅለው ተክል በታችኛው አገር ያለውን ደዌ መተላለፊያ ሊቆርጥ እንደሚችል ግን ልብስ አጣቢዋም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። ይህን ለዓለም የገለጡት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በሐረርጌ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ።

የመረጡት ጠላት ቢልሃርዝያ ነበር። የዚህ በሽታ ትል እንቁላል ከሕመምተኛው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ጥገኛ ተውሳክ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የሚታጠበውን፣ የሚዋኘውን ወይም መስኖ የሚያጠጣውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የፋብሪካ ኬሚካል ግን ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ስለ ነበር ለድሃ አገር አቅም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ በዓድዋ ወንዞች ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በዚያች ሰዓት ላቦራቶሪው የወንዝ ዳር፣ ረዳቷም ልብስ አጣቢ ነበረች።

የምርምሩን የመጀመሪያ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት በአገራቸው የሕክምና መጽሔት ነው። በማግሥቱ ዓመት በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከእ.ኤ.አ. 1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ሥርጭት ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከተለያዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያበቀሉና እያመዛዘኑ ብርቱውን 44ኛውን ዓይነት መረጡ። ከፍሬው ተለይቶ የወጣው ገዳይ ንጥረ ነገርም በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ከዚህ በኋላ የጠበቃቸው ሥራ ከግኝቱ ይልቅ ከባድ ሆነ። ለገበሬው እንዶድን ማስረዳት አላስቸገረም፤ ተክሉን ከእናቱ ቤት ያውቀዋልና፤ የሚቀረው የቀንድ አውጣውን ነገር መጨመር ብቻ ነበር። ለማሳመን አስቸጋሪ የሆኑት የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎች ነበሩ። እነዚህ የተክሉ መርዛማነት በታወቁ ላቦራቶሪዎች ይመርመር ሲሉ፣ ምርመራው የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚሰጥ ጠፍቶ ብዙ ዓመታት አለፉ። ጥያቄው ከሳይንስ አንጻር ተገቢ ነበር፤ ጥፋቱ መልሱን የሚያስገኘው መንገድ ለድሆች አገሮች ዝግ መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ ተስፋ ሳይቆርጡ በየጉባኤው አስረዱ፤ ጻፉም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሉሳካ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተደረገ፤ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍም የመርዛማነቱ ጥናት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ ስለ ግኝታቸውና ስለማይታክተው ቅስቀሳቸው፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ እንዶድ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የውሃ መሳቢያ ቧንቧዎችን እየደፈነ መሐንዲሶችን ያስቸገረውን ዝንጉርጉር ባለዛጎል ፍጡር እንደሚገድል ታወቀ። ግኝቱም በፈጠራ መብት ተመዘገበ። በዚህ ጊዜ በየወንዙ ዳር ለዘመናት የኖረው ዕውቀት ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ ያልተጻፈ የሕዝብ ዕውቀት በሌላ ሰው መዝገብ ሊገባ እንደሚችልም ለብዙዎች ትምህርት ሆነ።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በፍሎሬንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል አገልግለው፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩትም በስማቸው ተሰየመ።

እንዶድ እርሳቸው እንደ ተመኙት በየወንዙ አልዋለም፤ ቢልሃርዝያን የመቆጣጠሩ ዋና ሥራ በፕራዚኳንቴል እንክብል ላይ ወድቋል። እንክብሉ ግን የታመመውን ያድናል እንጂ ወንዙን አያጠራም፤ የዳነውም ሰው ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ የሕይወታቸው ቁም ነገር አላረጀም። ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስጦታ ብቻ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ከማስተማራቸው በፊት ጎንበስ ብለው የአጣቢዎቹን ውሃ ተመለከቱ፤ የነገሩም ሁሉ መጀመሪያ ይኸው ነበር። በደጋው ጓሮ ገና ያልተጠየቀ ስንት ተክል፣ ያልተሰማችም ስንት አዋቂ እናት እንዳለች የሚታወቀው እንዲሁ ወርዶ ሲጠየቅ ነው።