ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ሰውን ከነኑሮው ያዩ ሐኪም

ከመካከላችን ነፋስ መውጫ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ በጠቅላላ ሐኪምነት ተመድቦ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሆዷን አሟት የመጣች እናት ካርዷ ላይ የሚጻፈው ጨጓራ ነው። ትንሽ ካጫወቷት ግን ውኃ ከየት እንደምትቀዳ፣ ልጇ ለምን ትምህርት እንዳቋረጠ፣ ጎተራው ውስጥ እህል መኖር አለመኖሩ ሁሉ ይወጣል። ያንን ጊዜ ስፔሻሊቲ እስኪገኝ መቆያ አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ። ስለ ሐኪም ወርቅነህ መጻፍ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር አስጎትተው፣ ጋይንትን አቋርጠው፣ በጨጨሆ አድርገው መቅደላ የገቡት በ1860 ዓ.ም. ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲወድቅ ሕፃኑ ብቻውን ተገኘ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እሱ ሲሞት ሌላ መኮንን አስተማረው። ከሁለቱም ስም ተወስዶ ቻርለስ ማርቲን ተባለ። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ በርማ ውስጥ በመንግሥት ሐኪምነት አገለገሉ።

ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፍለጋ አዲስ አበባ መጡ። አማርኛ አይችሉም። ድንኳን ተክለው ሕዝቡን በነጻ ማከም ጀመሩ። ወሬውን የሰሙ አያታቸው መጥተው ገላቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው ለዩዋቸው፤ ወርቅነህ የሚባለውን ስማቸውንም ያኔ መልሰው አገኙ። ለሐኪም ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፦ ሐኪሙን መርምረው ያወቁት አያቲቱ ናቸው።

ከብዙ መመላለስ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራቸው ሐኪምነቱን የተዉ ያስመስላል። ፍል ውኃ ላይ መታጠቢያ አሠሩ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት አመቻቹ፤ ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ፤ በ1922 ዓ.ም. ጨርጨርን ለማስተዳደር ሄዱ። አንዳንድ ሰው ጥሩ ሐኪም ባከነ ይላል። እኔ አይመስለኝም። መታጠቢያ የሌለው ከተማ እከክ ምን ያህል እንደሚመላለስበት በሽተኛ ያየ ሰው ነው የሚያውቀው። እርግጥ ነው፣ ሁሉን ልያዝ ማለት ያደክማል፤ ጤና ጣቢያ ብቻውን የቀረ ጠቅላላ ሐኪምም ይህን አይክድም።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። የወረራውን ዘመን እዚያ ሆነው ለአገራቸው ሲሟገቱ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ዮሴፍና ቢንያም የተባሉ ሁለት ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ገደሉባቸው። ከነጻነት በኋላ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ሚኒስትርም አገረ ገዥም ቢሆኑ፣ ሰው እስከ መጨረሻው የጠራቸው ሐኪም ወርቅነህ ብሎ ነው።