ጀናዛው በመዲና የተሰገደበት ንጉሥ

 

ጀማዓው አነስተኛ በሆነባቸው እንደ አምቦ፣ ጊንጪና ባኮ ባሉ ከተሞች ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚያሳስበው ማን ያጥበዋል፣ ማንስ ይሰግድበታል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ከሁላችንም ይልቅ ብቸኛ የነበረው ግን የሐበሻው ንጉሥ አስሐማ ነጃሺ ነበር።

ኢብን ኢስሐቅ በሲራው እንደዘገበው፣ አስሐማ ልጅ ሳለ አባቱ ተገድሎ አጎቱ ነገሠ። መኳንንቱም ብላቴናው አድጎ እንዳይበቀላቸው ፈርተው በ600 ድርሀም ለነጋዴ ሸጡት። በዚያው ምሽት አጎቱ በመብረቅ ተመትቶ ሞተ፤ ከልጆቹም ለንግሥና የሚበቃ ጠፋ። ስለዚህ አስሐማን ተከታትለው አምጥተው ዘውድ ደፉለት። ባሪያውን የተነጠቀው ነጋዴ አቤት ቢል፣ አዲሱ ንጉሥ የተሸጠበት ገንዘብ እንዲመለስለት ፈረደ።

እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ ግፍ የሸሹ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ወደ አገሩ ገቡ፤ በኋላም ቁጥራቸው ከ80 በለጠ። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ከእጅ መንሻ ጋር ላኩ። ንጉሡ ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ከሱረቱ መርየም ሲያነብለት ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። አላህ መንግሥቱን ያለ ጉቦ የመለሰለት ሰው ጉቦ እንዴት ይቀበል?

ሕዝቡ ሃይማኖታችንን ተወ ብሎ ሲያምፅበት፣ ከመዋጋቱ በፊት ለስደተኞቹ መርከብ አዘጋጀላቸው፤ እሱ ቢሸነፍ እንዲያመልጡ ነው። አላህም ረዳው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈርና ጓደኞቹ በሁለት መርከብ ወደ መዲና ሲሄዱ ንጉሡ ከሕዝቡ ጋር ቀረ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በዓይኑ አላያቸውም።

ብዙዎቹ ዑለማኦች እንደሚሉት በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) አረፈ። መቃብሩ በትግራይ ከውቅሮ በስተሰሜን በምትገኘው ነጋሽ እንደሆነ ይታመናል፤ እዚያ ያለው መስጊድ በ2013 ዓ.ም በጦርነቱ በከባድ መሣሪያ መጎዳቱ ሁላችንንም ያሳዘነ ነው። በሞተበት ቀን ነቢዩ መርዶውን ለሶሐቦች ነግረው፣ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተው በሰልፍ አቆሟቸውና በ4 ተክቢራ ሰገዱበት።

ኢማሙ አቡ ሐኒፋና ኢማሙ ማሊክ ይህን ለነጃሺ ብቻ የተደረገ ነው ይላሉ። ኢብን ተይሚያ፣ በአገሩ የሚሰግድበት ስላልነበረ ነው፤ ያልተሰገደበት ሰው ካለ እንዲሁ ይደረግለታል ይላሉ። በሻፊዒ መዝሀብ ግን በሌላ አገር ለሞተ ሙስሊም ሁሉ የተፈቀደ ነው። በዚህ መሠረት በአምቦ ሦስት ሰው ብቻ በቆመበት ጀናዛ ላይ፣ መድረስ ያልቻሉ የአዲስ አበባ ዘመዶቹ ባሉበት ሆነው መስገድ ይችላሉ።